ላይትበርን አንዱን ማሽን ገልብጦ ይጽፋል፣ ሌላውን ጭራሽ አያየውም

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዋንጫ፣ ሜዳሊያና የስጦታ ዕቃ ላይ የምንጽፍበት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሁለት ሌዘር ማሽን አለኝ። አንዱ ትንሹና ክፍቱ ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ክዳን ያለው ሰማያዊው ባለ 40 ዋት ነው። ሻጩ ‹ከፈለግሽው ሶፍትዌር ጋር ይሠራል› ስላለኝ ላይትበርን የተባለውን የሌዘር ማዘዣ ሶፍትዌር ላይሰንስ ገዛሁ። ጥቁሩን አገኘው፤ ግን ጽሑፉ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይወጣል፣ መስመሩ ጫፍ ላይም ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ሰማያዊውን ጭራሽ አያየውም። ድራይቨር ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ። የምርቃት ሰሞን እየደረሰ ነው። ብረት ላይ የሚጽፍ ፋይበር ሌዘርም ልጨምር አስቤያለሁ፤ እንደገና እንዳልሸወድ ምን ልጠይቅ?»

እህቴ፣ አስቀድሜ ቁርጡን ልንገርሽ። ጥቁሩ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ሰማያዊው ግን ከፋብሪካ የወጣበት ቦርድ እንዳለ ከሆነ፣ ስንት ኬብል ብትለዋውጪ ከላይትበርን ጋር አይግባባም። የተበላሸ ነገር ስለሌለ የሚጠገን ነገርም የለም። የሚናገሩት ቋንቋ ሌላና ሌላ ነው።

ሻጩ ሆን ብሎ ዋሽቶሻል አልልም። ብዙ ሰው ሌዘርን እንደ ፕሪንተር ነው የሚያየው፤ ፕሪንተር ድራይቨሩ ከተጫነለት ከወርድም ከፎቶሾፕም የመጣለትን ያትማል። እዚህ እንደዚያ የለም። ሶፍትዌሩ የማሽኑን ስም፣ ዋቱን፣ ቀለሙን አያውቅም። የሚያወራው ውስጥ ከተቀመጠችው መዳፍ ከምታክል ቦርድ ጋር ነው፤ ሞተሮቹን የምታዞረው፣ ጨረሩን የምታበራና የምታጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ «ይህ ማሽን ከላይትበርን ጋር ይሠራል ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ ሻጩ የፈለገውን ይመልስልሻል። «ውስጡ ያለው ቦርድ ምንድን ነው? ፎቶውን ላክልኝ» ስትይው ግን ወይ ፎቶውን ይልካል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለም መልስ አግኝተሻል።

እንደ ጥቁሩ ያሉት ትንንሽ ዳዮድ ማሽኖች (ጨረሩን የሚያመነጨው ዳዮድ የሚባል ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሆነላቸው) አብዛኞቹ ጂአርቢኤል በሚባል ክፍት ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ስለሆነ አምራቾቹ ቦርዳቸው ላይ ጭነው ይሸጡታል። ቋንቋው ጂኮድ ይባላል፤ ደግነቱ ሰው የሚያነበው ቋንቋ ነው። «ጂ1 ኤክስ10 ዋይ20 ኤስ500 ኤፍ3000» የሚል መስመር (ሲጻፍ በላቲን ፊደል ነው) «ኤክስ 10፣ ዋይ 20 ሚሊ ሜትር ወዳለው ነጥብ፣ በደቂቃ 3,000 ሚሊ ሜትር ፍጥነት፣ በ500 ኃይል ሂድ» ማለት ነው። ላይትበርንም፣ ነፃው ሌዘርጂአርቢኤልም ይህንኑ ይናገራሉ፤ ጥቁሩ ሁለቱንም የሚሰማው ለዚህ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትክፈቻቸው እንጂ። አንዱ ፖርቱን ከያዘው ሌላው «ማሽን የለም» ይልሻል፤ ለዚህ ብቻ ስልክ ተደውሎልኝ ከተማ አቋርጬ ሄጄ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥቁሩ እንግባ። ምንም ከመንካትሽ በፊት ላይትበርን ውስጥ ኮንሶሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ሳጥን) ላይ $$ ጻፊና ኢንተር በይ። ቦርዱ የያዛቸውን ቁጥሮች በሙሉ ይዘረዝርልሻል። ኮፒ አድርገሽ በኖትፓድ አስቀምጪው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ኋላ አንዱን ቁጥር ብታበላሺ መመለሻሽ ይኸው ነው።

መገልበጡን ለመፈተሽ ሙሉ ስም መጻፍ አያስፈልግሽም፤ «ቡ» ትበቃለች። «በ» ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ብትገለበጥም ራሷን ትመስላለች፤ አታጋልጥም። «ቡ» ግን ጭረቷ በስተቀኝ ነው፣ አፏም ወደ ታች ነው። ጭረቷ ወደ ግራ ከመጣ ግራና ቀኝ ተምታቷል፤ አፏ ወደ ላይ ካፈጠጠ ላይና ታች ተምታቷል። አንድ ፊደል ሁለቱንም ይነግርሻል።

ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ጭንቅላቱን በእጅሽ ወደ መሃል አምጪው፣ ማሽኑን አብሪውና ኮንሶሉ ላይ «ጂ91 ጂ0 ኤክስ10» ላኪ፤ «ካለህበት 10 ሚሊ ሜትር ወደ ኤክስ ሂድ» ማለት ነው። ወደ ቀኝ ከሄደ፣ «ዋይ10» ስትይው ደግሞ ከአንቺ ወዲያ ከራቀ፣ ቦርዱ ንጹሕ ነው። የተሳሳተው ላይትበርን ውስጥ የተመረጠው ኦሪጅን (ዜሮ ነጥቡ ያለበት ማዕዘን) ነው፤ ዲቫይስ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ከአራቱ ማዕዘኖች የፊት ግራውን ምረጪ፣ አለቀ። ወደ ተቃራኒው ከሄደ ግን የሞተሩ አቅጣጫ ነው፤ እሱን የሚይዘው በ$$ ዝርዝሩ ላይ $3 የተባለው ነው። አሁን $3=0 ከሆነ፣ 1 ስታደርጊው ኤክስ ይገለበጣል፣ 2 ዋይን፣ 3 ሁለቱንም።

እባክሽ ንድፉን በሚረር መሣሪያ ገልብጠሽ እየላክሽ አትሸንግይው። ብዙ ሱቅ እንዲያ ይሠራል፤ እስከ ዕለታት አንድ ቀን ይሄዳል። ረዳትሽ መገልበጡን የረሳ ቀን የትምህርት ቤት ሜዳሊያ በሙሉ ወደ ኋላ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ሜዳሊያ ላይ የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም፣ ሜዳሊያው ይጣላል።

የመስመር ጫፍ ላይ የምታይው ጥቁር ነጥብ $32 ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጂአርቢኤል መጀመሪያ የተሠራው ለሚቦረቡር ማሽን ነው። $32=0 ከሆነ ሌዘርሽን እንደ መቦርቦሪያ ሞተር ስለሚቆጥረው፣ ኃይሉ በተለወጠ ቁጥር «ሞተሩ ዙሩን ያስተካክል» ብሎ ይቆማል። ሞተር ቢሆን ደግ ነበር፤ ጨረር ግን ቆሞ ሲጠብቅ ያቃጥላል። $32=1 አድርጊው። ከዚያ ማሽኑ ሲገናኝ የሚጽፈውን የመጀመሪያ መስመር እዪ፤ ጂአርቢኤል 1.1ኤፍ ወይም ከዚያ በላይ ካለ፣ ላይትበርን ውስጥ ዲቫይሱን ስትመርጪ ተራውን ጂአርቢኤል እንጂ «ጂአርቢኤል-ኤም3» የሚለውን አትምረጪ። የኋለኛው ለአሮጌዎቹ ነው። ተራው ኤም4 በሚባለው ትእዛዝ ይሠራል፤ ጭንቅላቱ ጥግ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። ኤም3 ግን ቢሮጥም ቢያዘግምም ያንኑ ኃይል ይለቃል፤ ስለዚህ ጥጉ ይጠቁራል።

ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ እኔን ራሴን ሁለት ቀን ያቃጠለኝ። $30 የኃይል ጣሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ሆኖ ይመጣል። ላይትበርን ውስጥም ኤስ-ቫልዩ ማክስ የሚባል አለ፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። በጀማሪነቴ ቦርዱ 1000 ላይ እያለ ሶፍትዌሩን 255 ላይ ትቼው ነበር። መቶ በመቶ ኃይል ብዬ ሳዝ የሚደርሰው 255 ከ1000 ነው፣ ሩብ ኃይል ማለት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ አልቆርጥ አለኝ። ሌንሱን አጸዳሁ፣ ፎከሱን አስተካከልኩ፣ እንጨቱን ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ዳዮዱ አርጅቷል ብዬ ሌላ ላዝ ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ። መድኃኒቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ሌላ ቁጥር መጻፍ ነበር። ተገላቢጦሹም አለ፦ ቦርዱ 255፣ ሶፍትዌሩ 1000 ከሆነ ከ25 በመቶ በላይ ያዘዝሽው ሁሉ ሙሉ ኃይል ይሆናል፣ ፎቶ ስትቀርጪ ፊቱ በሙሉ ከሰል ይመስላል።

መጠኑንም በዚያው ለኪው። ወደ ኤክስ 100 ሚሊ ሜትር መስመር አስምሪና በማስመሪያ እዪ። 98 ከወጣ መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ፈትሺ፤ ጠበቅ ያለ ሆኖ አሁንም 98 ከሆነ በዝርዝሩ ላይ $100 የተባለውን (ኤክስ 1 ሚሊ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ የሚረግጠውን እርምጃ) በ100 አባዝተሽ ለ98 አካፍዪ። 80 ከነበረ 81.63 ይሆናል። ለዋይ ያው ስሌት በ$101 ነው።

አሁን ሰማያዊው። ይህ በዓለም ዙሪያ «ኬ40» የሚባለው የቻይና ሲኦ2 ማሽን ነው፤ ጨረሩ የሚወጣው ከጋዝ ቱቦ ነው። ሶኬቱን ንቀዪ፣ በስተቀኝ ያለውን ክዳን ክፈቺና ቦርዱ ላይ የታተመውን አንብቢ። «ኤም2 ናኖ» ወይም «6ሲ6879-ሌዘር-ኤም2» የሚል ካገኘሽ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሊሁዩ የሚባለው ቦርድ ነው፣ ጂኮድ አይሰማም፣ የራሱ ቋንቋ አለው። አብሮት የሚመጣው ሌዘርዲአርደብሊው ወይም ኮሬልሌዘር የሚባል ሶፍትዌርና ፍላሽ የምትመስል ቁልፍ ነው፤ ቁልፏ ካልተሰካች ሶፍትዌሩ አይሠራም። ላይትበርን ይህን ቦርድ አይደግፍም። አንቺ የቀያየርሽው ድራይቨር ኮምፒውተሩና ቦርዱ እንዲገናኙ ብቻ ነው የሚረዳው፤ መንገድ ተሠርቶ ሁለቱ ሰዎች ቋንቋ ካልተግባቡ ምን ይሆናል?

ማሽኑ ግን አልሞተም። ለዚሁ ቦርድ ተብለው የተሠሩ ሁለት ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ኬ40 ዊስፐረርና ሚርኬ40ቲ። ቁልፏንም አይፈልጉም። ዊስፐረር ለሱቅ ሥራ ቀላል ስለሆነ በእሱ ጀምሪ። ሊብዩኤስቢ የሚባል ድራይቨር ይፈልጋል፣ አጫጫኑ ከሶፍትዌሩ ጋር ተጽፏል። ንድፉን በነፃው ኢንክስኬፕ ሥሪና በኤስቪጂ ፋይል አውጪው። ሕጉ በቀለም ነው፦ ንጹሕ ቀይ መስመር ይቆረጣል፣ ንጹሕ ሰማያዊ መስመር በመስመሩ ላይ ይቀረጻል፣ ጥቁሩ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይሞላል። ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ብታደርጊ እንደ መቁረጫ አይቆጥረውም፤ «አልቆርጥ አለኝ» ከሚሉኝ ግማሾቹ ይቺን ነው የሚስቱት። የአማርኛ ጽሑፍሽን ከመላክሽ በፊት ወደ ፓዝ ቀይሪው፤ ፊደሉ ቅርጽ ከሆነ በኋላ ፎንት የለም የሚል ጣጣ አይመጣም። ደንበኛ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ካመጣልሽ ደግሞ ቀድተሽ አትለጥፊ። በዩኒኮድ ፎንት ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ እንደገና መተየቡ ይቀላል።

የኤም2 ናኖ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ኃይሉን ሶፍትዌሩ አያዝም፤ ከላይ ያለው መዞሪያ ወይም የቁጥር ቁልፍ ነው የሚያዘው። ቦርዱ የሚያውቀው «አብራ» እና «አጥፋ» ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የቁልፍ መያዣ ላይ ስም በስሱ ጽፈሽ ዙሪያውን ልትቆርጪ ከፈለግሽ፣ መጀመሪያ የሚቀረጸውን ብቻ ላኪ፣ ከዚያ መዞሪያውን ከፍ አድርገሽ የሚቆረጠውን ላኪ። ወይም መዞሪያውን ሳትነኪ በፍጥነት ለዪው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ፎቶም ስትሠሪ ጥላው የሚወጣው በነጥቦች መቀራረብና መራራቅ ነው።

«የለም፣ ላይትበርን ከፍዬበታለሁ፣ በእሱ ነው የምሠራው» ካልሽ ቦርዱ መቀየር አለበት። አንደኛው መንገድ ጂአርቢኤል ወይም ስሙዚ (ጂኮድ የሚሰማ ሌላ ፕሮግራም) የሚሠራ፣ ለኬ40 ታስቦ የተዘጋጀ ቦርድ ማስገባት ነው። ያኔ ኃይሉንም ሶፍትዌሩ ያዛል። ሁለተኛው ሩይዳ ነው፤ ትልልቆቹ መቁረጫዎች ላይ የምታይው ስክሪን ያለው ነው። ሩይዳ ፋይሉን በራሱ ሜሞሪ ስለሚይዝ ሥራው ከተጀመረ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይቀጥላል። ዋጋው ግን ለዚህ ማሽን ይከብዳል፤ ላይሰንስሽንም ቀድመሽ እዪ። ለጂኮድ ብቻ የሆነው ላይሰንስ ሩይዳን አይከፍትም፤ ከላይትበርን 2.0 ወዲህ ኮር እና ፕሮ ተብለው ተለይተዋል፣ ለሩይዳም ለፋይበርም የሚሆነው ፕሮው ነው።

ቦርድ መቀየር ከፈለግሽ ያለኝን ሐሳብ ልንገርሽ፦ አሁን አይደለም። ምርቃት ደርሶ ሰው ተሰልፎብሽ የማሽን ሆድ አይከፈትም። ሰሞኑን በዊስፐረር ሥሪ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቀይሪ። ስትቀይሪም ሦስት ነገር አስቀድሞ ይታይ፦ የጫፍ መቆጣጠሪያዎቹ (ጭንቅላቱ ጫፍ መድረሱን የሚያሳውቁት) ሽቦ ጠፍጣፋው ሪባን ነው ወይስ ነጠላ ነጠላ (የሚገዛው ቦርድ መሰኪያው ሊኖረው ይገባል)፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ «ኤል» የተባለችው የጨረር መተኮሻ የት እንዳለች፣ እና ቦርዱ የሚፈልገውን 24 ቮልት ፓወር ሰፕላዩ ይችለው እንደሆነ። የድሮውን መዞሪያ አታስወጪው፤ ሶፍትዌሩ ተሳስቶ ሙሉ ኃይል ቢያዝ እንኳ ከእሱ በላይ እንዳይሄድ ልጓም ይሆንሻል። ደግሞ ይህን በጣም አደራ፦ ወደ ሌዘር ቱቦው የሚሄደው ቀይ ሽቦ ከ10,000 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ካቻቪቴ የያዘ ዘመድ አይበቃም፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሁን። የሱቅሽ ሶኬት ኧርዝ እንዳለውም በዚያው ያረጋግጥልሽ፤ ኧርዝ የሌለው ኬ40 ሰውን ይነዝራል፣ ሥራ መሃል ዩኤስቢውንም ያቋርጣል።

ፋይበሩን በተመለከተ ጥያቄሽ ጥሩ ጊዜ ላይ መጣ፣ ገና አልገዛሽም። የፋይበር ማሽኖች ሁለት መስታወት በፍጥነት እያወዛወዙ ነው የሚጽፉት፤ ቦርዳቸውም ሌላ ነው። ሻጩን «አብሮ የሚመጣው ሶፍትዌር ኢዚካድ2 ነው ወይስ ኢዚካድ3?» በይው። ኢዚካድ2 ከሆነ ቦርዱ ብዙውን ጊዜ ቢጄጄሲዜድ የሚባለው ኩባንያ ኤልኤምሲ ነው፤ ላይትበርን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህን ይደግፋል። ኢዚካድ3 ካለሽ ቦርዱ ሌላ ነው፣ ላይትበርን አይገባበትም፤ ከኢዚካድ ጋር ተጋብተሽ ትኖሪያለሽ። ኢዚካድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ማሽኑ እጅሽ ሲገባ አብሮ የመጣውን ፍላሽ ወይም ሲዲ በሙሉ ሁለት ቦታ ቅጂ። ውስጡ «ማርክሲኤፍጂ7» የሚል ፋይል አለ፤ የመስታወቶቹ ልክ፣ የሥራ ቦታው ስፋት፣ የሌዘሩ ዓይነት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ላይትበርን ያነበዋል፤ ፋይሉ ከጠፋ ግን ካሬ ስትስዪ በርሜል የሚመስል ቅርጽ ይወጣልሽና ከዜሮ ስታስተካክዪ ትውያለሽ። ሌላው ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር፦ ላይትበርንና ኢዚካድ ዊንዶውስ ላይ የተለያየ ድራይቨር ነው የሚጠቀሙት። ላይትበርንን ስትጭኚ ኢዚካድ «ማሽን የለም» ቢል ማሽኑ አልተቃጠለም፤ ድራይቨሩ ተቀይሮ ነው፣ መመለስም ይቻላል።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ሻጩ በቪዲዮ ስልክ ማሽኑን ከላይትበርን ጋር አገናኝቶ «ቡ»ን ብረት ላይ ይጻፍልሽ። ላይትበርን ለ30 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ስለዚህ «ላይሰንስ የለኝም» ምክንያት አይሆንም። ዘመድ ከአሜሪካ ማሽን ልላክልሽ ካለሽም ይህንኑ ጠይቂ። ለምሳሌ ግሎውፎርጅ ውብ ማሽን ነው፤ ግን የሚሠራው በኢንተርኔት በኩል በራሱ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሱቅሽም ይቆማል።

የቀሩ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ጥቁሩ ሥራውን ከኮምፒውተሩ መስመር በመስመር ነው የሚቀበለው፤ ላፕቶፑ እንቅልፍ ከወሰደው ሥራውም መሃል ላይ ይቀራል። ዊንዶውስ ውስጥ ስሊፑን አጥፊው። ብሉቱዝና ዋይፋይ ቢኖረውም ለረጅም ሥራ አጭር ዩኤስቢ ኬብል ይሻላል፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው የስልክ ኬብል እንዳይሆን ግን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ትንሹ ማሽን የት እንደነበር አያስታውስም፤ ጭንቅላቱ የቆመበትን ቦታ ዜሮ ይለዋል። ስለዚህ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጪበት የእንጨት ማዕዘን ሥሪና ሁልጊዜ ከዚያው ጥግ ጀምሪ፤ መብራት ሲመጣ ጭንቅላቱን ወደ ጥጉ መልሰሽ ካቆመበት መቀጠል ትችያለሽ።

የሰማያዊውን ቦርድ ፎቶና የጥቁሩን $$ ዝርዝር እዚሁ ለጥፊልኝ። ቦርዱ ላይ ኤም2 ናኖ የሚል ካላገኘሽ ያገለገለ ማሽን ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ከላይ ስለ ሰማያዊው ያልኩት ይለወጣል፣ ምናልባትም ላይትበርንሽ ይገባበታል።